ከማርስ የመጣው ሄልሜት

ወላይታ ሶዶ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለሚልክያስ፣

ሰላምታዬ ካለህበት አዲስ አበባ ይድረስህ። እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ውሸቱን ግን ላንተ ትቼዋለሁ።

ስለ ፊልምህ በቴሌቪዥን ያወራኸውን ባለሱቁ አብዱልመጂድ ዘንድ ቁጭ ብዬ አየሁ። ከማርስ የመጣችው መንኮራኩር የእሱ የውሃ ሮቶ መሆኗን ስትናገር፣ ሰውዬው በደስታ ለሁላችንም ለስላሳ ከፈተ። ጭሱ የተቃጠለ የባጃጅ ጎማ መሆኑንም አልደበቅክም። የማርሶቹን ልብስ ከጣሪያ ላስቲክ የሰፋሁት እኔ መሆኔን ግን ረሳኸው። እሱስ ከንክኖኛል፤ ግን ይደር።

ጋዜጠኛዋ «ሽማግሌው የማርሱን ሰው ‹ልጄ፣ ይሄን ነገር አውልቅና ብላ› የሚሉበት ቦታ አገር አሳቀ፤ እንዴት ሠራችሁት?» አለችህ። አንተም «አባባ ቶማ ያለ ስክሪፕት፣ በአንድ ቀረጻ ነው የጨረሱት። የተፈጥሮ ተሰጥኦ ነው! ቦይናው፣ ማለት ጎደሬው፣ ግን ገና ከድስት የወጣ ስለነበር አፌን አቃጠለኝ» ብለህ ሳቅክ።

ተሰጥኦ? ለሰሚው ግራ ነው። አባቴ የጠዋቱን ለማታ እንደሚረሳ ታውቃለህ። ካሜራ መኖሩንም አላወቀም። ወንድሜ ጳውሎስ ወደ በዴሳ ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ በሞተር ሲሞት፣ ሄልሜቱን ከአስፋልት አንስተህ ያመጣህልን አንተ ነህ። ያንኑ ሄልሜት ሳትጠይቀኝ ከተሰቀለበት አውርደህ፣ ብርማ ቀለም ቀብተህ አጠለቅከው። አባቴ ልጁ የመጣለት መስሎት ቦይናውን በገዛ እጁ ላጠልህ። አንተም ፊትህን እንዳያይ መስታወቱን በትንሹ ከፍተህ በላህ። በቁስላችን እንጨት ሰደድክበት፣ ሚልክያስ። ይሄን ለጋዜጠኛዋ አልነገርካትም።

አሁን የባጃጅ ሾፌሩ ሁሉ አባቴን ሲያየው «አባባ፣ አውልቅና ብላ!» እያለ ይስቃል። እሱ የጳውሎስ ጓደኞች እየመሰሉት ይመርቃቸዋል። ፊልሙ ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ በዓል በቴሌቪዥን ይታያል አሉ። ያን ቦታ ቆርጠህ አውጣው። ሌላ የምለምንህ የለኝም።

ለክፍል ሁለት ሄልሜቱን ላኪልኝ ብለህ በአብዱልመጂድ በኩል ያስነገርከውም ደርሶኛል። አልልክም። አባቴ ከዚያ ቀረጻ ወዲህ ልጄ ካልመጣ አልበላም ብሎ ብለምነውም ብቆጣውም እምቢ አለ። ሲከሳ ማየት ሲያቅተኝ ራሴ አጠለቅኩት። ደስ ብሎት በላ። ሲጨርስ እጄን ያዝ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጳውሎስ፣ እህትህን ትርፌን ባሏ ጥሏት ሄዷል። ‹ሥራ ላይ ነው› ትለኛለች፤ እኔ እንዳላዝን ብላ ነው። አንተ እንኳ አትሂድባት» አለኝ።

የበላውን የሚረሳ ሰው ይሄን አልረሳም። ሄልሜቱን ቶሎ ማውለቅ አልቻልኩም፤ ፊቴን ያያል።

እግዚአብሔር በእርጅናህ የሚያጎርስህ ሰው አይንሳህ። እራት ደርሷል፤ አባቴ ልጁን ይጠብቃል።

የማርሶቹ ልብስ ሰፊ፣
ትርፌ ቶማ