ሌስሊ ያልመለሰው ጥያቄ

«ለዚያ ሰውዬ ከእንግዲህ በዚህ ከተማ ዓሣ የሚጠብስለት የለም» ሲል ሰማሁት ባለፈው ሰኞ ዓሣ ጠባሹን ደንካንን፤ ሰልፍ ላይ ቆሜ። ሰው የተናገረውን እንደተናገረው ማመን ልማዴ ነውና፣ የሌስሊንም ድርሻ በእኔ ስም አድርጌ ሁለት አዘዝኩ። ደንካን ሁለቱን ጠቅልሎ ሲያቀብለኝ «የሌስሊ የግራው ነው፤ ኮምጣጤ አብዝቼበታለሁ፣ እንደዚያ ነው የሚወደው» አለኝ።

ውድ ወንድሜ፣ ከሰላምታ በፊት ዓሣ ማስቀደሜን ይቅር በለኝ። እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህ ተሻለው? በጎችህስ? እዚያ ኒውዚላንድ አሁን ክረምቱ እየገባ ስለሆነ የላክሁልህን ሹራብ እንደማትለብሰው እያወቅሁ ልበሰው እልሃለሁ። እኛ ደህና ነን። ማለቴ፣ እኔ ደህና ነኝ። ታላቅ ወንድማችንን ሌስሊን ግን ብሪክስቢ በሙሉ አኩርፎታል። ነገሩ ከአንተ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከእኔ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው።

በጥር የመጣው ማዕበል ከክለባችን ሜዳ የመብራት ምሰሶዎች ሁለቱን እንደጣለ ጽፌልህ ነበር። ሊጉ ደግሞ እስከ ነሐሴ መብራት ካላቆማችሁ ወደታችኛው ምድብ ትወርዳላችሁ ብሎ ቁርጡን ነገረን። ይኼኔ ነው ሰው ሁሉ «ፊሽካ»ን ያሰበው። አንተ ከሄድክ በኋላ የመጣ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ነው፤ የሁለት ትንንሽ ክለቦች ደጋፊዎች ቀርበው ስለ ስፖርት ይጠየቃሉ፣ ያሸነፈው ለክለቡ የጎደለውን ያገኛል። ከእኛ ማን ይሂድ የሚል ክርክር አልነበረም። ሌስሊ በሐሙስ ማታው የመጠጥ ቤት የጥያቄ ውድድር ብቻውን እንዳይጫወት ከታገደ ቆይቷል፤ አብሮት ቢያንስ አንድ አላዋቂ መቀመጥ አለበት። ያቺ አላዋቂ እኔ ነኝ።

ፕሮግራሙ የሚቀረጸው ከመታየቱ ከሳምንታት በፊት ነው። ተወዳዳሪዎቹም ውጤቱን ለማንም ላይናገሩ ፈርመው ይመለሳሉ። ሌስሊ ከቀረጻው ሲመለስ ምንም አልተናገረም። ቀልዱም ሰላምታውም እንደበፊቱ ነበር፣ አትክልቱን እያጠጣ ያፏጫል። ከተማው ፉጨቱን ሰምቶ አሸንፈናል ብሎ ደመደመ። ኢኒድ ፓርጌተር በመብራት ምሰሶ ቅርጽ ኬክ ጋገረች። ቆሞ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ግን በማዕበሉ እንደወደቁት ጋደም አለ።

ፕሮግራሙ በታየበት ቅዳሜ ማታ የክለቡ አዳራሽ ሞልቶ ሰው በመስኮት ያይ ነበር። ሌስሊን ፊት አስቀመጡት፣ ከኬኩም አምፖል ያለበትን ጫፍ ሰጡት። ኢኒድ በቴሌቪዥኑ ከሁሉ በፊት ያየችው ክራባቱን ነው፤ «ያቺን ለቀብር ነው የገዛት» አለች። ስለ ፈረስ ግልቢያ ሲጠየቅ፣ ስለ ቢሊያርድ ሲጠየቅ፣ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሌስሊ ሳይመልስ ወንበሩ ላይ ያለው ሌስሊ ቀድሞ ይጮኻል። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ሬጅ «አንተ ሰውዬ፣ እዚያ ውስጥ ያለኸውም አንተው ነህ፣ ለራስህ ተራ ስጠው እንጂ» አለውና አዳራሹ ሳቀ።

ነጥቡ እኩል ሆኖ አንድ ጥያቄ ቀረ፤ የእኛ ተራ ነው። አቅራቢው ፈገግ ብሎ «ይሄ እንኳ ለእርስዎ ስጦታ ነው» አለና አነበበ። በ1974፣ በዋንጫው ሦስተኛ ዙር፣ ከለንደን ከመጣው ትልቅ ቡድን ጋር ባዶ ለባዶ ሆነው ሳለ፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ የገዛ ተከላካዩ የመለሰለትን ኳስ በእግሮቹ መካከል አሳልፎ ያስገባው የብሪክስቢ ታውን በረኛ ማን ይባላል?

ወንድሜ፣ መልሱ አንተ ነህ። በዚያ አዳራሽ ስምህን ጮክ ብሎ የጠራ ሰው ከዚያን ቀን ወዲህ የለም፤ በሹክሹክታ ያልጠራው ደግሞ የለም። ሁሉም ወደ ሌስሊ ማጅራት ዞሮ አየ። ወንበሩ ላይ ያለው ሌስሊ በዚህኛው አልጮኸም። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ክራባቱን ነካ አደረገ፣ አፉን ከፈተ፣ ዘጋው። ከዚያ በጨዋ ደንብ «አላውቀውም» አለ።

ጥያቄው ከኬንት ወደመጡት ተጋጣሚዎቻችን ዞረ። አንዲት ልጅ፣ ያኔ ያልተወለደች መሰለኝ፣ ስምህን እንደ አንድ ሩቅ አገር ዋና ከተማ ስም ጠራችው። መብራቱም ወደ ኬንት ሄደ።

ከዚያ በኋላ የተባለውን ሁሉ ብጽፍልህ ለፖስታው የሚከፈለው ይበዛል። ደንካን «የገዛ ወንድሙን! አንድ እናት የወለደችውን!» እያለ ኬኩን በሹካ ይወጋዋል። ኢኒድ «ካሜራ ፊት ደንግጦ ነው፤ እኔም በሠርጌ ዕለት የባሌን ስም ረስቼው ነበር» ብትል፣ ባልዬው ከኋላ «እንደረሳሽው ብትቀሪ ምን ነበረበት» አለ። በማግስቱ ለከተማችን ጋዜጣ የጻፈ ሰው፣ መብራት እስኪገኝ ድረስ ሌስሊ ራሱ ፋኖስ ይዞ መስመር ዳር ይቁም ብሏል። እንደ ሐሳብ መጥፎ አይደለም፤ ግን ነፋሱን አላሰበበትም።

በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል ኦስዋልድ ተነሣ። ኦስዋልድን አትረሳውም፤ ያን ኳስ ወደ አንተ የመለሰው ተከላካይ። አሁን ቧንቧ ይጠግናል፣ ብዙም አያወራም። ኮፍያውን አደረገና «ሌስሊ ልክ ነው። እኔም አላውቀውም» ብሎ ወጣ።

ሐሙስ ማታ መጠጥ ቤት ሄድን። ሌስሊ እንደ ልማዱ ኮቱን ለበሰ፣ እኔም እንደ ልማዴ አላዋቂነቴን ይዤ ተከተልኩት። ሬጅ ቂሙ አልወጣለትምና የመጨረሻ ጥያቄ አድርጎ ያንኑ ደገመው፣ ቃል በቃል። ወረቀቶቹ ተሰብስበው ሬጅ ባንኮኒው ላይ አንድ በአንድ ሲገልጣቸው የሁሉም የመጨረሻ መስመር ባዶ ነው። የደንካንም ባዶ ነው። አንዱ ወረቀት ላይ ብቻ የበግ ሥዕል ነበረበት። ስለ በጎችህ ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ሬጅ ጉሮሮውን ጠራረገና «ለዚህኛው መልስ ያገኘ የለም» ብሎ ወደሚቀጥለው ጉዳይ አለፈ፤ የሚቀጥለው ጉዳይ ቢራ ነበር።

ለእናታችን ቀብር ያልመጣኸው የአውሮፕላን ዋጋ ተወዶ ነው ብለህ ጽፈህልን ነበር። እኔም አመንኩህ፣ ልማዴ ስለሆነ። ግን ያ ኳስ የገባብህ ቀን ሌስሊ ወደ መልበሻ ክፍል ሳይመጣ፣ ሳያናግርህም ወደ ቤት በመሄዱ፣ አፍሮብኛል ብለህ እንደተቀየምክ ይገባኛል። እሱም አንድ ጊዜ እንኳ አላስተባበለም። እንግዲህ ማስተባበያው ይኸው። የከተማውን መብራት ሰጥቶ ስምህን ሸሸገ። ለምን እንዲህ አደረግህ ብዬ በቀጥታ ጠየቅሁት። ዓይን ዓይኔን እያየ «አላውቀውም አልኩ እኮ። ምን ልጨምር?» አለኝ። ከዚያ በላይ ልጠይቀው አልደፈርኩም፤ እንደዚያ ኮርቼበት አላውቅም።

መብራቱን ራሳችን እናቆመዋለን እየተባለ ነው። ኦስዋልድ ምሰሶ አየሁ ብሏል፣ ከየት እንደሆነ ማንም አልጠየቀውም። ለነሐሴው የመጀመሪያ ጨዋታ ና። አንድ ሁለቱ ያላግጡብህ ይሆናል፤ ደንካን በእርግጠኝነት ያላግጥብሃል፣ ዓሣውን ግን ይጠብስልሃል። ከሌስሊ ጎን ተቀመጥ፤ ምንም ባትባባሉም ይበቃል። ሁለታችሁን በአንድ መስመር ላይ ተቀምጣችሁ ማየት ነው የምፈልገው፣ ሌላ አልጠይቅህም።

ጉልበትህን ያበርታልህ፣ ቤትህን ያሙቅልህ፣ ለመንገድህም መልካም አየር ይስጥህ።

የምትናፍቅህ እህትህ

ማስታወሻ፦ ፖስታው ላይ አድራሻህን ሌስሊ ይጻፍልኝ ብዬ ሰጠሁት፤ ጽሕፈቱ ከእኔ ይሻላል። ኒውዚላንድ የሚለውን አሳምሮ ጻፈው። ከዚያ ብዕሩን እንደያዘ «የሰውየው ስም ማን ነበር?» አለኝ።