የአባትሽ ነጭ ጽጌረዳ

የተወደድሽ ልጄ ኤፍራታ፣

በሰው አገር የእግዚአብሔር ጥበቃ አይለይሽ። እኛ ደኅና ነን፤ ዝናቡም አልጎደለብንም። እኅትሽ ትጊ ወንድ ልጅ ወልዳለች። እዚያ ብርዱ ጠንክሯል አሉኝ፤ እግርሽን ሸፍኚ።

አባትሽ የተከለው ነጭ ጽጌረዳ መንገዱ ሲሰፋ ተነቅሎ ዘሩ ጠፋ ብዬ አልቅሼ ነበር። ሰሞኑን የድሮ ጎረቤታችንን አረጋሽን ልጠይቅ ወደ ቆላው አልዱባ ብወርድ፣ ደጇ ላይ ነጭ ጽጌረዳ አብቧል።

«የእናንተው ነው» አለችኝ።

ነጭ ሁሉ የእኛ አይደለም ብዬ መነጽሬን አደረግሁ።

«እትዬ፣ ሌባ ያዙ እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ከእምቡጡ ሥር ያሉትን አምስት አረንጓዴ ቅጠሎች አየሁ። ሁለቱ በግራም በቀኝም እንደ ጢም ያለ ዘርፍ አላቸው፤ ሁለቱ ልሙጥ ናቸው፤ አምስተኛው በአንድ ጎኑ ብቻ ጢም አለው። የአዳሪ ትምህርት ቤት መምህሬ የድሮ ጽጌረዳ ምልክቱ ይህ ነው ትል ነበር። ነገር ግን ብዙዎቹ ይህ ምልክት ስላላቸው አላመንሁም። የፈካውን አበባ ገለጥ ባደርገው ግን አባትሽ የሚኮራባት አረንጓዴ ነጥብ መሐሉ ላይ አለች።

«ልትሄድ ስትል ቅርንጫፉን የሰጠችኝ ኤፍራታ ናት» አለች አረጋሽ።

ከአንዲት ቅርንጫፍ፣ በዚያ ሐሩር በቅሎ፣ አንዲት ጢም እንኳ አልተሳሳተም! የፈጣሪን ጥንቃቄ አይቼ አመሰገንሁ።

እጅሽ ይለምልም፤ በሰላም ተመልሰሽ ለማየት ያብቃን። የአበባውን ፎቶ ወንድምሽ ልዑል ይልክልሻል። የጽጌረዳ አዋቂ ካገኘሽ ስሙን ጠይቂልኝ፤ በግምት የሚነግርሽን ግን አትጻፊልኝ።

እናትሽ አስቻለች