የሰማንያኛዋ ትል አሟሟት

ለተከበሩ የውሃ ጥራት መሥሪያ ቤት ዋና ዳይሬክተር፤

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንዲጠበቅ፣ በተለይም ጠረጴዛ የደበደቡባት ቀኝ እጅዎ እንድትድን ከልብ እመኛለሁ። የእኔዋ ተሰብራ በጀሶ ታስራለችና ደብዳቤው ስለ መዘግየቱ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

እስካለፈው ሐሙስ ድረስ በቤተ ሙከራዎ ከፋብሪካው በታች የተዛቀውን የወንዝ ደለል የምመረምር ሠራተኛ ነበርኩ። ይህ ደለል ባለባቸው ስምንት ብርጭቆዎች አሥር አሥር ትናንሽ የውሃ ትሎች ለቀቅኩ፤ ንጹሕ ደለል ባለባቸው ሌሎች ስምንትም እንዲሁ። በአሥረኛው ቀን ስቆጥር ከንጹሑ ሰባ ስድስት ተርፈዋል። ከወንዙ አንዲት ብቻ። ቅሬታዎቼም እነሆ፦

፩. «በረሃብ የፈጀቻቸው እሷ ናት» ብለው መጻፍዎ። ሁሉንም በአንድ ሰዓት፣ ከአንድ ዕቃ መግቤአለሁ። ብርጭቆ እየመረጠ የሚገድል ረሃብ የፈጠርኩ ሊቅ መሆኔን ስለመሰከሩልኝ አመሰግናለሁ።

፪. ቅላታቸውን አይተው «ሲመጡም ታመው፣ ደም ለብሰው ነው» ማለትዎ። ክቡር ሆይ፣ ይህ ትል ጤነኛ ሲሆን ነው ቀይ፤ የሚገረጣው ሲሞት ነው። በሹመትዎ ዘመን ቤተ ሙከራውን ረግጠው እንደማያውቁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ስላስረዱን ምስጋናችን ወደር የለውም።

፫. ብርጭቆዎቹን በዱላ የሚያደቅቁ ሁለት ጥበቃዎች መላክዎ። የመጨረሻውን በደረቴ ስከልል አንደኛው «እህቴ፣ ልቀቂ፣ እኔም የልጆች አባት ነኝ» እያለ መታኝ፤ ሁለተኛው ደገመኝ። አጥንቴ ሲሰበር ድምፁን ሰምቻለሁ። በውስጡ የተረፈችው ትልም ከደሜና ከስብርባሪው ጋር በጫማ ተጨፈለቀች። ሰማንያ ከሰማንያ፤ ቆጠራውን ስለሞሉልኝ አመሰግናለሁ።

፬. በማግስቱ «ወንዙ ንጹሕ ነው» የሚል ማስታወቂያ በእኔ ስም መለጠፍዎ። ሰኞ ይህ ውሃ ለታችኛው ሰፈር ቧንቧ ይለቀቃል። እዚያ እናቴ አለች፤ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር እህቴ አለች።

እኔ አልፈረምኩም። ጎረቤቶቼ ሆይ፣ አትጠጡት። የቆጠራውን መዝገብ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በየአውቶቡስ ማቆሚያው ለጥፌዋለሁ። ክቡርነትዎም ጥበቃዎቹን ደግመው መላክ ካሻዎ ቤቴን ያውቁታል፤ በሩ አይዘጋም።

ከማያልቅ አክብሮት ጋር፣
የቀድሞ ትል ቆጣሪዎ፣ የዛሬ ከሳሽዎ

ሳልጽፈው የረሳሁት፦ ሰኞ ቧንቧውን መርቀው ሲከፍቱ የመጀመሪያው ጆግ ለእርስዎ እንዲቀዳ የሰፈሩ እናቶች ተስማምተዋል። እንግዳ አክባሪዎች ናቸው፤ እስኪጨርሱት ድረስ ከብበው ይጠብቁዎታል።