አንድ ዓመት የተለመነላት በለስ

ልጄ ፊሊጶስ፣ የማርያም ልጅ በሄድክበት ሁሉ ይቅደምህ፤ ደቡብ አፍሪካ ላይ ከክፉ ሰው ይሰውርህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እህትህ ገነት አግብታ ወናጎ ከተማ ገባች። ቡናው አርጅቶ ፍሬ ስላቆመ አባትህ ከግንዱ ጎነደለው።

ባለፈው እሁድ አባ ታረቀኝ ከጨለለቅቱ በሞተር መጥተው እዚህ ሬኮ ቀደሱልን። ወንጌሉ ሦስት ዓመት ፍሬ ስላጣችው በለስ ነበር። ባለቤቱ ቁረጣት ሲል አትክልተኛው «ዘንድሮን ብቻ ተዋት፣ ልኮትኩታት» ብሎ ለመነላት። ስብከቱን ሲጨርሱ ጸሎት ቤታችን ከፋሲካ በኋላ እንደሚዘጋ ነገሩን። የቀረነው ስድስት አሮጊቶች ነን። ወጣቱ ወይ እንዳንተ ተሰዷል፣ ወይ ሌላ ቸርች ገብቷል። አንተ ትመታው የነበረውን ከበሮ የሚያነሣው የለም።

አላስቻለኝም፤ ብድግ ብዬ «አባ፣ ለእኛም አንድ ዓመት ይለምኑልን እንጂ!» አልኳቸው።

ዓይናቸው እንባ ሞላ። «የፊሊጶስ እናት፣ ያንን ዓመትማ አምና ለምኜላችሁ ነበር» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። አምና አጥሩን አጠርን፣ ጣሪያውን አስጠገንን፣ ቤት ለቤት ዞረን ሰው ጠራን። ማንም አልመጣም። ቡና እንኳ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ የእኛን ግን እንጃ።

አንተን አልወቅስም፣ ልጄ። ብቻ እሁድ ሱቅህን ዘግተህ ቅዳሴ ሂድ። የዚያን አገር ካህንም አንድ ነገር ጠይቅልኝ፦ ዓመቱ ሲያልቅ በለሷ ምን ሆነች? ወንጌሉ አይናገርም፤ አባን መጠየቅ ደግሞ ፈራሁ።

ላንተስ እግዜር ዓመቱን ሳይቆጥር ይስጥህ።

እናትህ ቦንቱ