ዓርብ ስለሚጫነው የቅማንትኛ ጥራዝ

ለተከበሩ አቶ አበራ ምንዳዬ
የምሥራቀ ንባብ ቤተ መጻሕፍት የበላይ ኃላፊና የሶፍትዌር መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ጎንደር

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱልን? እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ከሁሉም በላይ አዲሱ ሲስተምዎ በሙሉ ጤንነት እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ አንባቢዎችዎ፣ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና፣ እስከ ዓርብ ድረስ ደኅና ነን። ዓርብ ግን አሮጌ ወረቀት የሚገዛው ነጋዴ ማኪናውን ግቢያችን ድረስ አስገብቶ «ሙት» ተብለው የተለዩትን መጻሕፍት እንዲጭን ማዘዝዎን ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አነበብኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳልባል፣ ጅቡ ሳይመጣ ይችን ደብዳቤ በአደባባይ ጻፍኩልዎ።

አንደኛ፦ ስለ ሶፍትዌሩ አመራረጥ ያለኝን አድናቆት ለመግለጽ ይፈቀድልኝ። ለኮሚቴዎ ሁለት የመጻሕፍት መመዝገቢያ ሲስተሞች ቀርበው ነበር። የመጀመሪያውን የሠሩት የአዘዞ ወጣቶች ንባብ ክፍላችን ውስጥ ቁጭ ብለው ሰው እንዴት እንደሚያነብ ሲመለከቱ ሰነበቱና፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ የተነበበ መጽሐፍም የሚመዘገብበትን ቦታ አበጁለት። ሁለተኛው በሆቴል አዳራሽ፣ ከምሳ ጋር፣ ባለቀለም ሥዕል እያሳየ ቀረበ፤ እሱ የሚያውቀው በውሰት ከበር የወጣውን መጽሐፍ ብቻ ነው። ኮሚቴዎ ሁለተኛውን መረጠ። ምሳው ሸጋ እንደነበር ሰምቻለሁ፤ እንኳን ተስማማዎት።

ሁለተኛ፦ ይኸው ሲስተም ከተተከለበት ቀን ጀምሮ በውሰት ያልወጡትን መጻሕፍት ለቅሞ ሙት አላቸው። ትዝ ቢልዎ፣ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍቱ እንዳይወጣ የሚከለክለው፣ ዛሬም በራችን ላይ የተለጠፈው ትእዛዝ የእርስዎ ፊርማ ያረፈበት ነው። ትእዛዙ ጥሩ ነበር፤ አከበርነው። ተራ እየጠበቅን፣ እዚያው ተቀምጠን አነበብን። አሁን ደግሞ ትእዛዙን ስላከበርን መጻሕፍቱ አልተነበቡም ተባለ። ኧረ የጉድ አገር! አትውጡ ብለው በር ከዘጉ በኋላ፣ ምነው አልወጣችሁም ብሎ መቅጣት ከወዴት የመጣ አሠራር ነው?

ሦስተኛ፦ ከሙታኑ መካከል አንድ በታይፕ የተጻፈ ጥራዝ አለ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ መምህር ወደ ጭልጋ ሄደው ከአንዲት እናት አፍ የለቀሙት የቅማንትኛ ቃልና ተረት ነው፤ ሌላ ቅጂ የለውም። እኒያ እናት ዛሬ በሕይወት የሉም። ልጃቸው አያ ሙሉቀን ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ከአይከል በሚኒባስ ይመጣሉ። ዓይናቸው ስለደከመ ጥራዙን የምታነብላቸው ልጃቸው እንኳየሁ ናት፤ ንባብ ክፍል ውስጥ ድምፅ ክልክል ነውና ሠራተኞቹ መጋዘኑን ይከፍቱላቸዋል። እንኳየሁ ቋንቋውን አልተማረችም፤ እሷ ፊደሉን ታነባለች፣ እሳቸው ቃሉን መልሰው ይሉላታል። ከቤታቸው ቋንቋውን የሚናገሩ እሳቸው ብቻ ቀርተዋል። ባለፈው ቅዳሜ በር ላይ አግኝቻቸው ደኅንነታቸውን ብጠይቅ፣ የእናታቸውን መቃብር መጎብኘት እንደተዉ፣ እናታቸው የሚናገሩት እዚህ መጋዘን ውስጥ መሆኑን ነገሩኝ።

ሲስተምዎ የዚህን ቋንቋ ስም ከዝርዝሩ ስላጣው «ቋንቋው ያልታወቀ፣ ያልተነበበ፣ ይወገድ» ብሎታል። እርስዎም ፈረሙበት። ክቡር ሆይ፣ ተናድጃለሁ፤ ከመናደዴ በላይ ደግሞ ፈርቻለሁ፣ ምክንያቱም ያ ማኪና አንዴ ከግቢ ከወጣ የትኛውም ኮሚቴ ተሰብስቦ ሊመልሰው አይችልም። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል። እኔ እንባዬን ጀምሬያለሁ፤ የእርስዎን ዓርብ እናያለን።

አራተኛ አቤቱታ የለኝም፣ አንድ ግብዣ ነው ያለኝ። ጥራዙ የተጫነ እንደሆነ ቅዳሜ ጠዋት በሩ ላይ ይቁሙልኝ። አያ ሙሉቀን ከነልጃቸው ደርሰው ምነው ብለው ሲጠይቁ፣ እርስዎ ባለቀለሙን ሥዕል ያሳዩዋቸው።

ዕድሜዎን እንደ ስብሰባዎ ያርዝምልኝ እያልኩ፣ በትእዛዝዎ መሠረት ከተቀመጥኩበት የንባብ ጠረጴዛ ሳልነቃነቅ የማከብርዎ፣

መዝሙር አድማሴ
በሲስተሙ መሠረት አንድም መጽሐፍ አንብቦ የማያውቅ አንባቢ

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ በዚያው ሲስተም ሪፖርት የቤተ መጻሕፍታችን ቀንደኛ ተነባቢ መጽሐፍ፣ እርስዎ ወስደው ያልመለሱት የስብሰባ አመራር መመሪያ ሆኖ ተገኝቷል። ለካስ ሲስተሙ የኃላፊዎችን ውሰት በራሱ ያድሳል፤ ባደሰ ቁጥርም አዲስ አንባቢ መጣ ብሎ ይቆጥራል። እንግዲያው ይህን ጸጋዎን አይንፈጉን፤ ማኪናው ሳይመጣ የአያ ሙሉቀንን ጥራዝ በስምዎ ይዋሱልንና ዘላለም ሲነበብ ይኑር። ብቻ እባክዎን፣ ወደ ቤትዎ አይውሰዱት።