ለፍሪጅ የተዘመረው የጃኮ መዝሙር

ለተከበሩ ሚስተር ሌንዎርዝ ፒልግሪም
የደሴታችን ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሚደርስዎ ጊዜ ሙሉ ጤንነት፣ መልካም የምግብ ፍላጎትና ቀዝቀዝ ያለ ክፍል እንዲያገኝዎ ከልቤ እመኛለሁ። ቅዝቃዜውን የምመኝልዎ እንኳ ለወጉ ያህል ነው፤ እኛ ከውጭ የአጥሩ ሽቦ ላይ ተለጥፈን ስንቀልጥ፣ እርስዎን በመስታወቱ ውስጥ የምናይዎ ሁልጊዜ ከነኮትዎ ስለሆነ ብርድ እንዳይመታዎ እንሰጋለን። ደብዳቤውን በእጅዎ ለመስጠት ደጋግሜ መጥቼ ነበር። ጸሐፊዎ «አለቃ ስብሰባ ላይ ናቸው» ስትለኝ ከጀርባዋ ብቻዎን ተቀምጠው ማንጎ ሲልጡ አየሁዎ፤ ስብሰባው ከማንጎው ጋር መሆኑን ስለተረዳሁም ላለመረበሽ ስል በጋዜጣ ልጽፍልዎ ወሰንኩ።

ምናልባት ረስተውኝ ከሆነ፣ አልሜና ራይመር ነኝ፤ የሎው ግራውንድ መንደር ልብስ ሰፊ፣ የመጀመሪያውን የትምህርት ቤት ሱሪዎን የሰፋሁልዎ። አገር ሁሉ ጃኮ እያለ የሚጠራው የዓሣ አጥማጁ የኤግበርት ራይመር ሚስት ነበርኩ። አሁን በየሱቁ «የፍሪጁ ሚስት» እባላለሁ። ይህንን ማዕረግ ያገኘሁት በእርስዎ ቸርነት ስለሆነ፣ ቅሬታዬን ከመደርደሬ በፊት ማመስገን ይገባኛል።

አንደኛ፣ «ዓለም አቀፍ» ስለሚለው አዲሱ የፊት ሰሌዳ። ከአዳራሹ ይረዝማል፣ እጅግ ወደነዋል። ከእኛ ዘንድ የሚነሣው አውሮፕላን የሚደርስበትን ሩቅ አገር እኔ ከቤቴ ጣሪያ ላይ ሆኜ ማየት ብችልም፣ ፍየሎችም እስከ ዛሬ በመንደርደሪያው ላይ እንዳሻቸው ቢሻገሩም፣ ሰሌዳው ከተሰቀለ ወዲህ ፍየሎቹ ራሳቸው ቀና ብለው መሄድ ጀምረዋል። ይህን ቅሬታ ብዬ ጀምሬው ምስጋና ሆነብኝ፤ ስለዚህ ወደሚቀጥለው ልለፍ።

ሁለተኛ፣ ስለ በሩ። ደሴታችን ትልቅ ሆስፒታል ስለሌላት በጠና የታመመ ሰው በአውሮፕላን ይሄዳል፤ ያልቀናው ደግሞ በሳጥን ይመለሳል። እርስዎ ከመወለድዎ በፊት ጀምሮ አቀባበላችን አንድ ነው። ሴቶቹ ነጭ ለብሰን በፊት ለፊቱ በር እንቆማለን፤ ሳጥኑ በጋሪ ሲወጣ እንዘምራለን፤ በመጨረሻም የቅርብ ዘመድ እጁን ሳጥኑ ላይ አድርጎ ሟቹን በቤት ስሙ ይጠራና «ደረስክ!» ይለዋል። ያልተጠራ ሰው ቢቀበርም አልደረሰም። ይህንን ለእርስዎ ማስረዳት አልነበረብኝም። የአባትዎ አስከሬን ሲመለስ፣ ዛሬ እንግሊዝ አገር እህትዎ ዘንድ ያለችው እናትዎ ሚስ ዶራ፣ በዚያ በር ላይ «ዊሊ፣ ደረስክ!» ልትል ስትል ድምጿ ስለከዳት፣ አብሬያት የጮህኩት እኔ ነኝ። እርስዎም ቀሚሴን ይዘው ነበር። ንፍጥዎን የጠረጉበት ነጭ ቀሚስ እስካሁን የልብስ ሳጥኔ ውስጥ አለ፤ መሥሪያ ቤትዎ ቅርስ የሚሰበስብ ከሆነ በነጻ አበረክታለሁ።

ታዲያ እርስዎ ተሹመው በመጡ ጊዜ፣ በአዲሱ የመስታወት ክፍል ውስጥ መጠጡን የሚጠጣ እንግዳ የሬሳ ሳጥን አይቶ ዕረፍቱ እንዳይበላሽበት አሰቡለት። ሳጥን ሁሉ በቡናማ ካርቶን ተጠቅልሎ በኋላ በር፣ በቆሻሻ ማቃጠያው በኩል እንዲወጣ አዘዙ። በዚያም ርግብ የተሣለበት ሰሌዳ አስተክለው «የእርጋታ በር» የሚል ስም አወጡለት። ርግቧ በጥሩ ሁኔታ ተሥላ ነበር፤ አሁን ግን ከጭሱ የተነሣ ቁራ መስላለች።

ሦስተኛ፣ የጃኮ ነገር። ባሌ ልቡን ታሞ በትልቁ ደሴት ሆስፒታል አረፈና በከሰዓቱ አውሮፕላን መጣ። እኛም እንደ ወጉ ነጭ ለብሰን፣ ባርኔጣችንን አድርገን በፊት ለፊቱ በር ቆምን። አዲሱን ደንብ የነገረን ሰው አልነበረም። እርስዎ «ለሚመለከታቸው ሁሉ አሳውቀናል» ብለዋል፤ እንግዲህ ነገሩ የተመለከተው ጃኮን ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ረጅም፣ በቡናማ ካርቶን የተጠቀለለ ነገር በጋሪ እየተገፋ ወጣ። ዘመርን። አንድም ስንኝ ሳናስቀር ዘመርን። ቱሪስቶቹ ፎቶ አነሱን፤ አንዷማ አጨበጨበችልን። እኔም እጄን ካርቶኑ ላይ አድርጌ፣ ዕድሜዬን ሙሉ አውጥቼው በማላውቀው ድምፅ «ጃኮ፣ ደረስክ!» አልኩና ግንባሬን አስደገፍኩበት።

ጋሪ ገፊው ራፊ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ሚስ አልሜና፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ... ይሄ እኮ የሆቴሉ አይስክሬም ፍሪጅ ነው። ጃኮን በኋላ በር አውጥተውታል።»

«መቼ?» አልኩት።

«ገና መዝሙሩን ስትጀምሩ።»

ጃኮ ከበረዶ ዶሮ ካርቶኖች ጋር በፒክአፕ ተጭኖ፣ በማቃጠያው ጭስ መሐል አልፎ ሄዷል። ስሙን የጠራለት ሰው አልነበረም። ቀና ስል እርስዎን በመስታወቱ ውስጥ አየሁዎ፤ ስኒዎን እንደያዙ ትከሻዎ ይንቀጠቀጥ ነበር። በመጀመሪያ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። እስከዚህ ድረስ የዋህ በመሆኔ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። በዚያች ሰዓት ከማዘን አልፌ አፈርኩ፤ በገዛ ባሌ ሞት አፈርኩ። ሐዘኔን ይቅር ልልዎ እችል ይሆናል፣ ኀፍረቱን ግን አልችልም።

በማግሥቱ በራዲዮ ያስተላለፉትንም መልእክት ሰምተናል። «ኅብረተሰቡ መዝሙር ከመጀመሩ በፊት የሚቀበለውን ዕቃ ምንነት እንዲያረጋግጥ በትሕትና እናሳስባለን» ብለዋል። ደሴቲቱ ሳቀች። ዳቦ ልገዛ ብገባ ሎሬታ ከባንኮኒው ጀርባ «ሚስ አልሜና፣ ባልዎ እንዴት ነው? አሁንም በረዶ ይሠራል?» አለችኝ። አጠገቧ የቆመችው ደግሞ «ተያት እባክሽ! የእሷ ባል እንኳ ዋስትና አለው፤ የእኔው ገና በቁሙ ተበላሽቷል» አለቻት። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? ሆቴሉ በበኩሉ ያ ፍሪጅ እንደዚያ ተዘምሮለት ከገባ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አልተበላሸም አሉ። ደስ ብሎኛል።

አራተኛ፣ ጃኮ እስካሁን እርስዎ ዘንድ ነው። በሎው ግራውንድ ጃኮ ተቀበረ የሚል እንጂ ደረሰ የሚል ሰው አያገኙም። ፓስተራችን ሊያጽናኑኝ መጥተው «እግዚአብሔር አድራሻውን ያውቃል» አሉኝ። እኔ መቼ እግዚአብሔርን ከሰስኩ? እኔ የከሰስኩት የኋላውን በር ነው። ከሰዓት በኋላ እየመጣሁ በአጥሩ በኩል ብጠራው፣ ጥበቃዎ «እማማ፣ እዚህ መቆም ገጽታ ያበላሻል ተብሏል፤ በእኔ አይፍረዱ» እያለ ይመልሰኛል። አልፈረድኩበትም። ባሌ ግን ኮፍያውን በእጁ ይዞ በዚያ መንደርደሪያ ላይ ከፍየሎቹ ጋር ሲንከራተት ይታየኛል፤ ሰው ሳይጠራው ገብቶ አያውቅም፣ በሰው ቤት ደጃፍ እንኳ ግቡ እስኪሉት ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ነበር።

አምስተኛም ነበረኝ፣ ግን ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ሐሙስ በጠዋቱ አውሮፕላን እሄዳለሁ። ሐኪሙ ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር አግኝቷል፤ ስሙን በአፉ ባይነግረኝም በፊቱ ነግሮኛል። በእግሬ ገብቼ ወንበሬ ላይ የምቀመጥ መንገደኛዎ ነኝ፤ ስመለስ ግን በእርስዎ ደንብ ጭነት እሆናለሁ ማለት ነው። ስለዚህ ጭነቱ ከመነሣቱ በፊት አንድ ነገር ይለምንዎታል። ካርቶን አታልብሱኝ፤ በፊት ለፊቱ በር አውጡኝ። ሴቶቹ በመጀመሪያ ጃኮን ይጠሩታል፣ ከዚያ እኔን፤ አብረን እንድንገባ ነው። የምፈልገው ይህንን ብቻ ነው፤ ከዚህ ሌላ ከመሥሪያ ቤትዎ የምጠብቀው የለም።

ይህ የማይቻል ከሆነ ደግሞ ፈጽሞ አይጨነቁ። የመንደራችን ሴቶች ተማክረው ተስማምተዋል። የትኛው ካርቶን ውስጥ እንደምሆን ስለማትነግሯቸው፣ ከሐሙስ ጀምሮ ከአውሮፕላን ለሚወርደው ካርቶን ሁሉ በየቀኑ ነጭ ለብሰው ይዘምራሉ። ለሽንኩርቱ ይዘምራሉ፤ ለመኪና ጎማው፣ ለመጸዳጃ ወረቀቱ፣ ለእርስዎ ለታዘዘው አዲሱ ተሽከርካሪ የቢሮ ወንበርም ጭምር። በእያንዳንዱ ላይ እጃቸውን ጭነው «ጃኮ፣ ደረስክ! አልሜና፣ ደረስሽ!» ይላሉ። እንግዶችዎም ከመስታወቱ ውስጥ እየጠጡ ይሰማሉ። ሎሬታ ሳትቀር ባርኔጣ ገዝታለች።

ለሹመትዎ ዕድሜን፣ ለማንጎዎ ጣዕምን፣ ለርግብዎ ሳሙናን እየተመኘሁ፣ በታላቅ ትሕትና እሰናበትዎታለሁ።

እስከ ሐሙስ መንገደኛዎ፣
ከዚያ ወዲህ ጭነትዎ፣
አልሜና ራይመር

ግልባጭ፦
ለሆቴሉ አይስክሬም ፍሪጅ፣ ባለበት

ድኅረ ጽሑፍ፦ እሁድ ዕለት እናትዎ ሚስ ዶራ ደውላልኝ ነበር። አባትዎ አጠገብ የተተወላትን ቦታ ሣሩን አጭዳችሁልኛል ወይ ብላ ጠየቀችኝና፣ «እኔ ስመጣ ድምፅሽን አትቆጥቢ እሺ? እንደ ዊሊ ጊዜ አድርጊልኝ» አለችኝ። በሩ መዘጋቱን ነገርኳት፤ የዘጋው ማን እንደሆነም አልደበቅኋትም። ከዚያ «እንግዲያው እዚሁ ብርዱ ውስጥ ይቅበሩኝ። እዚህ እንኳ ሰውን በፊት ለፊት በር ነው የሚያወጡት» አለች። «በይ ለልጅሽ ራስሽ ንገሪው፤ እኔ በዚህ አልገባም» ብላት፣ «እኔ አልደውልለትም፤ እንደ ሰዉ ሁሉ በጋዜጣ ያንብበው» አለችኝ።