ከነአክስቴ ስለ ተጎተተችው መኪናዬ

ለተከበሩ የከተማችን የመኪና ማቆሚያና ማንሻ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም የትም ቢቆም የማይነካው መኪናዎ ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔም ለጽሕፈት ቤትዎ ምስጋና ይግባውና ከእንጀራዬ በስተቀር ሁሉ ነገር ተሟልቶልኝ በእግሬ እየሄድኩ ጤናዬን እየጠበቅሁ እገኛለሁ።

የመኪና መንዳት አስተማሪ ነኝ። ጣሪያዋ ላይ «ለማጅ» የሚል ሰሌዳ የተሸከመችው አሮጌ መኪናዬ በእርስዎ ግቢ ከታሰረች ወዲህ ተማሪዎቼን በወንበር አስቀምጬ ማርሽ መቀየር በቃል አስተምራቸዋለሁ። ቅጣቴን ለመቃወም ወደ መሥሪያ ቤትዎ ስመጣ የመጀመሪያው መስኮት ወደ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ደግሞ ወደ መጀመሪያው በፍጹም ትሕትና ስላመላለሱኝ፣ ሠራተኞችዎን ከማድከም ብዬ አቤቱታዬን በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

፩ኛ. ስለ ምልክቱ። የዚያን ቀን አክስቴን የአንድ ዓይኗን ሞራ ለማስገፈፍ ወደ ዓይን ክሊኒክ ወስጄ መኪናዬን ከፊት ለፊት ካለው የጨርቅ ሱቅ አጠገብ አቆምኩ። ሥራዬ ነውና ግራ ቀኙን አየሁ፤ የሚከለክል ምልክት አልነበረም። ሕክምናው እንዳለቀ አክስቴን ደግፌ አወጣኋት። የታከመው ዓይኗ በፋሻ ታስሯል፣ ተራውን የሚጠብቀው ሌላው ዓይን ከብርሃን በቀር የሚያየው የለም። ነርሷ ፀሐይ እንዳይነካት ስላስጠነቀቀችን ከኋላ ወንበር አስተኝቼ፣ ሻርፕ አልብሼ፣ የዓይን ጠብታ ልገዛ ተመለስኩ። ስወጣ መኪናዬም አክስቴም የሉም። በቦታቸው «ማቆም ክልክል ነው» የሚል ምልክት ተተክሏል። ደንግጬ ምሰሶውን ብደገፈው አብሮኝ ዘመም አለ። ጨርቅ ሻጯ ከሱቋ ወጥታ፣ «ቀስ በል ወንድሜ፣ ሲሚንቶው ገና አልደረቀም። መኪናህን አንስተው ነው ጉድጓዱን የቆፈሩት» አለችኝ። ስለዚህ ጥፋቴ ምልክት መጣስ ሳይሆን ነቢይ አለመሆን መሆኑን ተረድቻለሁ። ወደፊት ለመታረም እሞክራለሁ።

፪ኛ. ስለ አክስቴ። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሠራተኞችዎ ኋላ ወንበር ላይ ተሸፋፍና መተኛቷን ሳያዩ መኪናዬን በጎታቹ መኪና ጀርባ ላይ ጫኗት። አክስቴም መኪናው ሲንቀሳቀስ እኔ የምነዳ መሰላት። ክቡርነትዎ እንዲያውቁልኝ የምሻው፣ ይህች ሴት እኔ ስነዳ አንጀቷ ቦታውን እንደሚለቅ ለዘመድ አዝማድ ስትናገር የኖረች መሆኗን ነው። ያን ቀን ግን፣ «ዛሬስ እደግ ልጄ፣ እንደ እንቁላል ይዘኸኝ ሄድክ» ብላ መርቃለች። ምርቃቱን የወሰደው የእርስዎ ጎታች ነው፤ የቅጣት ወረቀቱ ግን የደረሰው ለእኔ ነው።

፫ኛ. ስለ ዋናው ጉዳይ። ጎረቤታችን የሆነ አንድ ሰዓት ሠሪ አለ፤ ቀጠሮ ሁሉ ቀድሞ ስለሚደርስ የሰፈሩ ሰው «አምስት ጉዳይ» ይለዋል። ሚስቱ ከሞተች ቆይቷል። አክስቴ ስለ እሱ ማውራት በጀመረች ቁጥር እኔ «እቴቴ፣ በስተርጅና የሰው መሳቂያ ልትሆኚ ነው?» እያልኩ ሐሳቧን አስጨርሻት አላውቅም። ያን ቀን ግን ከፊቷ ባለው ባዶ ወንበር ላይ እኔ ያለሁ መስሏት፣ የሚያቋርጣት ሲጠፋ ሁሉንም ተናገረች። ማታ ማታ በር ስትዘጋ የቤቱ ጸጥታ እንደሚያስፈራት፣ እሱ ሬዲዮዋን ሊጠግን ሲመጣ ሆን ብላ ሽቦውን እንደምትነቅለው፣ እናቴ ብትኖር እሺ ትላት እንደነበር፣ ሁሉንም። የተናገረችውን ኋላ ራሷ «ያን ቀን እንደነገርኩህ» እያለች ስትደግምልኝ አንገቴን ደፍቼ ሰማኋት።

ግቢ ሲደርሱ ሾፌርዎ መኪናዬን አውርዶ በሩን ቢከፍት፣ ከሻርፕ ሥር «እንግዲህ ካልተቃወምክ ተስማምተሃል ማለት ነው፤ አግቢው ትለኛለህ ወይስ አትለኝም?» የሚል ድምፅ ሰማ። ምስኪኑ ሰው ከድንጋጤው የተነሣ የመጣለትን፣ «እሺ እማማ» የሚለውን ቃል ተናገረ።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ በመንግሥት ግቢ፣ በሥራ ሰዓት፣ በቤተሰባችን ስም ፈቃድ ሰጥቷል። እኔ በታክሲ ደርሼ ስገባ አክስቴ በዘበኛው ወንበር ተቀምጣ ሻይ ትጠጣለች፤ ሾፌርዎ ደግሞ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ይጠይቃታል። እሷ ግን የነዳሁትም «እሺ» ያልኳትም እኔ እንደሆንኩ አልተጠራጠረችም። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ፣ «መኪናዋ ቅጣት ሳይከፈል አትወጣም፤ ስለ ሴትየዋ ግን መመሪያ የለንም» አለኝ። መመሪያ እስኪወጣ ስላልጠበቅሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ደግፌ ወሰድኳት።

መንገድ ላይ ነገሩን ላስተባብል አፌን ስከፍት፣ «ልጄ፣ ስለ ሰማኸኝ ተባረክ። ትቆጣለህ ብዬ ፈርቼ ነበር» አለችና እጄን ጨበጠችው። ማስተባበሉን ትቼ ጠብታውን ከኪሴ አውጥቼ አስያዝኳት። ፋሻዋ የተፈታ ቀን አምስት ጉዳይ እንደ ልማዱ ከሐኪሙ ቀድሞ ተገኝቶ ነበር። አክስቴ ጠጋ ብላ ፊቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። «እንዲህ ነህ እንዴ? እኔ እኮ የባስክ መስለኸኝ ነበር» አለችው። ሰውየው ሳቀ፤ እሷም ሳቀች፤ እኔ ግን የጠፋብኝን ነገር እንደሚፈልግ ሰው መስኮቱን ሳይ ቆየሁ። ሠርጉ በመጪው ወር ነው፤ ምስክር ሆኜ የምፈርመውም እኔ ነኝ።

ስለሆነም ከታላቅ አክብሮት ጋር የምለምነው፣ ከሁለት አንዱን እንዲፈጽሙልኝ ነው። ወይ ምልክት ከመተከሉ በፊት የተጣለብኝን ቅጣት ሰርዘው መኪናዬን ይልቀቁልኝ፤ አለበለዚያ መኪና መጎተቱ ሕጋዊ ከነበረ በዚያው ጉዞ ላይ የተሰጠው ፈቃድም ሕጋዊ ነውና፣ ጽሕፈት ቤትዎ የሙሽራዋ ወገን ሆኖ ድግሱን ይደግስልን።

መሥሪያ ቤትዎ እኔ ለዓመታት የዘጋሁትን ጆሮ በአንድ ጠዋት ስለከፈተልኝ ውለታውን እየመሰከርኩ፣ ቅጣቱን ግን በፍጹም የማልከፍል መሆኔን በትሕትና እገልጻለሁ።

በእግሩ ሄዶ፣ ተራውን ጠብቆ፣ ቆሞ የጻፈልዎ
አክባሪዎ፣ የመኪና መንዳት አስተማሪው

ማስታወሻ፦ አክስቴ ጡረታ ከመውጣቷ በፊት አዋላጅ ነበረች። ይህን ደብዳቤ ላስገባ አብራኝ መጥታ፣ ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለውን ፎቶግራፍዎን በአዲሱ ዓይኗ አየችውና በጆሮዎ ሥር ካለው ምልክት ተነሥታ ለየችዎት። እንደምትለው ሲወለዱ በአግድም ተኝተው መውጫውን ዘግተው ነበር። «እኔ ነኝ ጎትቼ ያወጣሁት፤ እናቱን ግን አልቀጣኋትም» ብላለች።